ቡናማው ማሳ ነው

ቮልስ የሚነዳ ሰው የትም ቆሞ ዝም ብሎ መሄድ አይችልም። አዳማ ውስጥ ነዳጅ ለመቅዳት ስሰለፍ ከኋላዬ ያለው ባለ ሚኒባስ ወርዶ ይመጣል። "አባቴም ነበረችው" ይለኛል። ሌላው መንዳት የተማረው በእሷ እንደሆነ ይነግረኛል። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ከሆኑ ደግሞ ወሬው ዞሮ ዞሮ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ላይ ያርፋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ቮልስ ላይ። ሁሉም የራሱ ታሪክ አለው። እኔም እሰማለሁ። ግን እስከ ዛሬ "ሽቦዋ እንዴት ነው?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር።

መኪናዋ የአክስቴ ናት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1966 የተሠራች ናት። አክስቴ አስተማሪ ነበረች፤ ሁለተኛ እጅ ገዝታ ጡረታ እስክትወጣና ከዚያም በኋላ ነድታታለች። ዓይኗ ሲደክም ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። "እንዳትሸጫት እንጂ ሌላው ያንቺ ጉዳይ ነው" አለችኝ። ከተማውን እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የምትለው፤ አዳማ ስንል "እሺ፣ እሱም ይሁን" ትላለች።

ሞተሯ ምንም አይልም። ከኋላ ነው ያለው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር የለ፣ ውኃ የለ፤ በዚህ በእኛ ሙቀት እንኳ ሳትጨናነቅ ትሄዳለች። ጣጣዋ ኤሌክትሪኩ ነበር። ፍሬን ስረግጥ ፍሬቻው ፈዘዝ ብሎ ይበራል። ፍሬቻ ሳሳይ የኋላው መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ክላክሱ በፈለገው ቀን ይሠራል። የፊት መብራቷ ደግሞ መንገዱን ሳይሆን ራሱን ብቻ ነበር የሚያሳየው።

ይህን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ወዲያው "ማሳ ነው" ይላል። የባትሪው ኔጌቲቭ ከመኪናዋ ብረት ጋር ይታሰራል፤ ማሳ የሚባለው ይህ ነው። ከየአምፖሉ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ በዚያ ብረት በኩል ነው ወደ ባትሪው የሚገባው። አንዱ አምፖል ከብረቱ ጋር ያለው ግንኙነት ከዛገ መመለሻ ያጣል። መመለሻ ያጣ ኤሌክትሪክ ደግሞ በጎረቤቱ አምፖል በኩል ዞሮ ይወጣል። ፍሬን ረግጬ ፍሬቻ የሚበራልኝ ለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ዝገቱን ፍቆ ማሳውን ማጥበቅ ነው። ችግሩ የመጣው የዛገውን ለማግኘት ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ስር ጭንቅላቴን ያስገባሁ ጊዜ ነው።

እዚያ ስር ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። የቤት መብራት የሚዘረጋበት ድርቅ ያለ ሽቦ አለ። የቴፕ ስፒከር ሽቦ አለ። የስልክ መስመር የነበረ ቀጭን ገመድ አለ። አንዱ ጋ የሞባይል ቻርጀር ገመድ ተቆርጦ ገብቷል። ሁሉም በጣት ተጠምዝዘው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለሉ ናቸው። ፕላስተሩ በሙቀት ቀልጦ ጣት ላይ ይጣበቃል። የፋብሪካው ሽቦ ራሱ ሽፋኑ ደርቋል፤ ትንሽ ጎንበስ ሲያደርጉት እንደ ቆሎ ይሰበራል። ሙቀት የፕላስቲኩን ማለስለሻ ቀስ በቀስ ያስወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ደረቅ ቅርፊት ነው።

አክስቴን ወንበር አውጥቼ ግቢው ውስጥ አስቀመጥኳትና አንድ በአንድ አሳየኋት። ያወቀችውን ብታዩ! "ይቺ ቀይዋ የሞጆ ናት" አለች። "ዝናብ ነበር፣ መጥረጊያው ቆመብኝ፣ አንድ ልጅ ነው የሠራልኝ፣ ብር አልቀበልም አለኝ።" የስፒከሩን ሽቦ አየችና ሳቀች። "ደብረ ዘይት። ለጊዜው ነው ብሎኝ ነበር።" ያኔ ፈጣን መንገዱ የለም። ከአዲስ አበባ ስትመለስ በድሮው መንገድ ከከባድ መኪናዎች ጋር እየተጋፋች ነው። መብራት ከጠፋ እዚያው ማሠራት እንጂ ምርጫ የለም። እያንዳንዱ ጥገና በዋለበት ቀን ትክክል ነበር። ቤቷ አድርሷታል። ይህን ለማንቋሸሽ አልፈልግም፤ በሌለ ዕቃ፣ በጨለማ፣ በዝናብ መኪና አስነስቶ የሚልክ ሰው ባለሙያ ነው።

ችግሩ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ነው። ቀይ ሽቦ አይቶ የባትሪ መስመር ነው ብሎ ያስባል፤ የመጥረጊያ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ እሱም የሌላውን መስመር ትቶ የራሱን ሽቦ ይዘረጋል። በዚህ ሁኔታ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲያልፍ አንድም ሰው የማያነበው ነገር ይሆናል። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው እንጂ የመብራቱ መፍዘዝ አልነበረም።

አክስቴ እግረ መንገዷን ሌላም ነገር ነገረችኝ። "ከኋላ በቀኝ ወፍራም ሰው አላስቀምጥም ነበር" አለች። "አንዴ አንድ የትምህርት ቤታችን ሰውዬ ሲቀመጥ የተቃጠለ ሽታ መጣ።" ቀልድ መስሎኝ ነበር። ግን የቮልስ ባትሪ ያለው የኋላው ወንበር ስር፣ በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩ የብረት ስፕሪንግ አለው። የድሮዎቹ መሙያቸው እንደ ፀጉር ያለ ደረቅ ነገር ነው። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሳል። በዓለም ላይ ስንት ቮልስ በዚህ ምክንያት ተቃጥሏል። አክስቴ ያለ ምንም መጽሐፍ ደርሳበታለች። ቮልስ ያላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ አቋርጣችሁ ሂዱና የባትሪያችሁ ፖዘቲቭ ላይ የጎማ ክዳን መኖሩን እዩ።

ኤሌክትሪሺያኑ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ያሉበት ግቢ ከጂቡቲ መንገድ ብዙም አይርቅም። አብዛኛው ደንበኛቸው ተሳቢ ነው። አዳማ የዚህ ሙያ ከተማ የሆነችው በዚሁ መንገድ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ወደብ ደርሶ የሚመለሰው መኪና ሁሉ እዚህ ያልፋል፣ ሲያልፍም አንድ ነገር ይበላሽበታል። ጋሼ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ወደዷት። ሐሳቤን ግን አልወደዱትም።

"ልጄ፣ ችግሩን ፈልጌ ላጥፋልሽ። ምን ሁሉን ማስወጣት አስፈለገሽ?"

"ሁሉም እንዲቀየር ነው የምፈልገው ጋሼ። በዋናው ቀለም።"

"ኤሌክትሪክ ቀለም አያይም።"

"ከእርስዎ በኋላ የሚከፍተው ሰው ግን ያያል።"

"ከእኔ በኋላ ማን ይከፍታታል?" አሉና ሳቁ። ቢሆንም ሥራውን ተቀበሉኝ። ቅድመ ክፍያው ሳይረዳ አልቀረም።

የዋናው ቀለም ነገር እብደት እንዳይመስላችሁ ላስረዳ። ጀርመኖች ለመኪና ኤሌክትሪክ የቁጥር ደንብ አላቸው፤ ዲን 72552 ይባላል። 30 ቁጥር ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው። 15 ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣ ነው። 31 ማሳ ነው። 50 ሞተሩን ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ ይሄዳል። 54 የፍሬን መብራት፣ 56 ኤ ረጅሙ የፊት መብራት፣ 56 ቢ አጭሩ። ቁጥሮቹ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ላይ ተቀርጸዋል፤ አቧራውን ስትጠርጉት ይታያሉ። ቀለሞቹም ከዚያ ጋር ይሄዳሉ። ቀይ የባትሪ፣ ጥቁር የቁልፍ፣ ነጭ ረጅም መብራት፣ ቢጫ አጭር መብራት፣ ግራጫ የትናንሾቹ መብራቶች፣ ጥቁርና ቀይ የፍሬን። ቡናማው ማሳ ነው። ይህችን ያወቀ ሰው ጀርመን፣ ዎልፍስበርግ የተሠራችን መኪና አዳማ ላይ፣ ካርታ ሳይዝ እንኳ ግማሽ መንገድ ሊያነባት ይችላል። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች መኪና ናት፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ የወጣችው በ2003 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ቋንቋዋ ገና ብዙ ተናጋሪ አለው።

የእኛዋ ሌላም ጣጣ ነበረባት። ስትሠራ 6 ቮልት ነበረች። አንድ ሰው በሆነ ዘመን 12 አድርጓታል። በሐሳቡ አልፈርድበትም፤ 6 ቮልት ባትሪ ማግኘት መከራ ነው። 45 ዋት የሆነ አምፖል በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይስባል፤ በ12 ቮልት ግን 3.75 ብቻ። ስለዚህ ለ6 ቮልት ተብሎ የተዘረጋው ወፍራም ሽቦ ለ12 ከበቂ በላይ ነው። ሞተሪኖውም የ6 ቮልት ሆኖ በ12 ሲነሳ ይወረወራል እንጂ ቅር አይለውም። የረሱት መጥረጊያውን ነበር። በእጥፍ ቮልቴጅ የሚሠራ መጥረጊያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አክስቴ ለዓመታት ካፊያ በመጣ ቁጥር መስታወቷን እንደ ጥፊ የሚመታ መጥረጊያ ይዛ ነድታለች። መኪናዋ ጎበዝ ስለሆነች ነው ብላ ነበር የምታስበው።

ሽቦ መግዛቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አዳማ ያሉት ሱቆች መጀመሪያ የሚያወጡላችሁ የቤት ሽቦ ነው። ውስጡ አንድ ወፍራም ዘንግ ነው። ለግድግዳ ጥሩ ነው፤ ግድግዳ አይንቀጠቀጥም። መኪና ላይ ግን ንዝረቱ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ለመኪና የሚሆነው ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ነው። እሱም ተገኝቶ ደግሞ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ጋሼ ያደረጉት ቀላል ነው፤ አንዱን ክር በምላጭ ፈቁት። ከስሩ ብር መሳይ ነገር ካሳየ መልሱ ማለት ነው። ብዙውን ቀለም በመጨረሻ ያገኘነው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ሁለት ቀለም ያለው ሽቦ ግን እንደልብ አይገኝም። ጥቁርና ቀይ መስመር ያለው ስናጣ ጥቁር ገዝተን በየጫፉ ቀይ ቱቦ አለበስነው። ጋሼ ይህን ሲያዩ የከንፈር መምጠጣቸው ድምፅ እስከ በሩ ይሰማል።

ሬሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ፣ ስንገዛ ደግሞ ሱቁ የ24 ቮልት አስታቅፎን ነበር። ከተማው በከባድ መኪና ስለሚኖር የሱቁ መደርደሪያም 24 ነው። መልኩ አንድ ነው፤ 12 ቮልት ስትሰጡት ግን ወይ አይነሳም ወይ ልፍስፍስ ይላል። ጋሼ ጀርባውን ገልብጠው አንብበው በረዳታቸው መልሰው ላኩት። ኤሌክትሪክ ቀለም አያይም ያሉኝ ሰውዬ ማለቴ ነው።

ሥራው ራሱ ከሁሉም የወደድኩት ክፍል ነው። አሮጌውን ዋየሪንግ አልቆራረጥነውም። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከየት እንደተነቀለ የሚል ወረቀት አሰርንበት። ከኋላ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጥቅል በግራ በኩል በሰውነቷ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ እጅ አይገባም። ስለዚህ አሮጌውን ስንስብ ጫፉ ላይ ጠንካራ ሲባጎ አስረን፣ እሱ ሲወጣ ሲባጎው በቦታው ተተካ። በኋላ አዲሱን መልሶ የሚጎትተው ያ ሲባጎ ነው። ሲባጎው መሃል ላይ ቢበጠስስ? እኔ እስከ መጨረሻው ትንፋሼን ይዤ ነበር። ረዳቱ ግን ዘፈን ያንጎራጉራል።

የወጣውን አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ላይ ዘረጋነው። በየመታጠፊያው ሚስማር መታን። አሁን ቅርጹ ታየ፤ ግንዱ የቱ እንደሆነ፣ ቅርንጫፉ የት ጋ እንደሚወጣ። በኋላ የመጡትን ሽቦዎች ከላዩ ላይ ለቅመን ስናነሳ የፋብሪካው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ገረመኝ። መኪናዋ የሚያስፈልጋት ያችው ነበረች። ከዚያ አዲሱን በሚስማሮቹ መሃል እየዘረጋን፣ እየለካን፣ ተርሚናሉን በፒንሳ እየጨበጥን ሄድን። በስታኞ መበየድ ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም። ጋሼ ግን እምቢ አሉ። ስታኞ ሽቦውን ያደርቀዋል፤ ከደረቀበት ጫፍ ላይ በንዝረት ይሰበራል አሉ። ልክ ናቸው።

ፊውዞቹ የድሮዎቹ ዓይነት ናቸው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16። ከእኛዎቹ አንዱ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል። ያ ማለት ፊውዝ የለም ማለት ነው። ሽቦው ሲነካካ የሚቃጠለው ፊውዙ መሆኑ ቀርቶ ሽቦው ራሱ ይሆናል፤ ከአክስቴ ጉልበት በላይ።

ከሁሉም የከፋውን ያገኘነው ግን ሽቦው ውስጥ አይደለም። ቮልስ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት የጎማ ትራስ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ለዚህ ሲባል ከካምቢዮው ወደ ሰውነቷ የሚሄድ የተጠለፈ የማሳ ማሰሪያ አለ። የእኛዋ ላይ የለም። አንድ ሰው ካምቢዮ አውርዶ ሲመልስ ትቶታል። ታዲያ ሞተሪኖው ሲነሳ ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ በምን ይመለሳል? በነዳጅ መስጫው ገመድና በፍሪሲዮኑ ገመድ! አክስቴ በየጊዜው የነዳጅ ገመድ ይበጠስባት እንደነበር ያኔ ነው ያስታወሰችው። ስንት ሰው ገመዱን ቀይሮላት ይሆን፣ ማሰሪያውን ሳያይ።

የፊት መብራቱን ከመፍታታችን በፊት ለክተነው ነበር። ባትሪው ላይ 12.4 ቮልት፣ አምፖሉ ጋ 10.3። ሁለት ቮልት ምን ይጎዳል ሊባል ይችላል። የአምፖል ብርሃን ግን ከቮልቴጁ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወርደው፤ በዚህ ልዩነት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ብርሃን ይጠፋል። የቀረው ሽቦውን እያሞቀ፣ ማብሪያውን እያቃጠለ ነው። ሁለት ሬሌ አስገባን። በፋብሪካው አልነበሩም። ዋናው እንዲጠበቅ ስል የከረምኩት እኔ፣ እዚህ ላይ የጋሼን ምክር ሳልከራከር ተቀበልኩ። አሁን ማብሪያው ሬሌውን ብቻ ይቀሰቅሳል፤ ዋናው ኤሌክትሪክ ከባትሪው በአጭር መንገድ ይሄዳል። ልዩነቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም።

ባትሪውን የምንመልስበት ቀን ደረሰ። ጋሼ የማሳውን ገመድ በቀጥታ አላሰሩትም። በባትሪውና በገመዱ መሃል አንድ የፍሬን አምፖል አስገቡ። የሆነ ቦታ የተነካካ ሽቦ ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ሌላ ነገር አይቃጠልም። ሁሉም ደህና ከሆነ አይበራም። አልበራም። የውስጡን መብራት ስናበራ አምፖሉ ፈዘዝ ብሎ ታየ፣ ስናጠፋ ጠፋ። ጋሼ ምንም አላሉም፤ አምፖሉን ኪሳቸው ከተቱ። ከየትኛውም ዲያግራም በላይ ያመንኩት ያንን አምፖል ነው።

ረዳቱ በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ጥያቄ ነበረው። "ይሄን ተምሬ ምን ይጠቅመኛል? አሁን እኮ ሁሉም ኤሌክትሪክ መኪና ነው።" መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዳማም ላይ ድምፅ የሌላቸው መኪናዎች በዝተዋል። የአንዷን ኮፈን ከፍታችሁ ብታዩ ወፍራም ብርቱካናማ ገመድ ታገኛላችሁ። ያ ቀለም እዚህ ከፍተኛ ቮልቴጅ አለ፣ አትንካ ማለት ነው። እዚያ ላይ "ኤሌክትሪክ ቀለም አያይም" ብሎ በፒንሳ የሚገባ ሰው ሊሞት ይችላል። ለልጁ ይህን ነገርኩት። ጋሼ እንዲሰሙ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ ነበር።

ዲያግራሙን በእጄ ስዬ፣ ያከልነውን ሬሌና የተቀየረውን ቀለም ጽፌ፣ ፕላስቲክ አልብሼ የዳሽቦርዱ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። አክስቴን አመሻሽ ላይ ይዣት ወጣሁ። ስለ መብራቱ ምንም አላለችም። ካፊያ መጣና መጥረጊያው ቀስ ብሎ ሲሄድ ግን "ምን አደረጋችኋት፣ ደከማት እኮ" አለች።

ባለፈው ቀሪ ሂሳብ ልከፍል ጋሼ ጋ ስሄድ አንዲት ነጭ ቮልስ ቆማለች። ከወንጂ ነው የመጣችው፤ ለሰርግ ትከራያለች። ባለቤቱ ክላክሷ ብቻ እንዲሠራለት ነው የፈለገው፤ ሰርጉ በማግስቱ ነው። ያለ ክላክስ ምን ሰርግ አለ? እኔ ሁሉንም ሽቦ መቀየር እንዳለበት ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ግን መሪው ስር ገብተው ነበር። የመሪው ዘንግ ላይ የጎማ መገጣጠሚያ አለ፤ ያንን ጎማ ተሻግራ ማሳውን የምታደርስ አጭር ሽቦ ትኖራለች። ተበጥሳለች። ከእኔ ሥራ ከተረፈው ሽቦ አንድ ጣት የምታህል ቆርጠው አሰሩለት። ክላክሱ ግቢውን አናጋው፣ ሰውዬው መረቃቸው፣ ከፍሎ ሄደ። ትክክለኛው ጥገና ነው፤ ፋብሪካው ያደረገውን ነው የመለሱለት፣ የምለው አልነበረኝም። የቆረጡለት ግን አረንጓዴ ሽቦ ነው። ቡናማው ከጎኑ ነበር።